አንቺስ ተመርምረሻል?

ጤና ጣቢያ ሚድዋይፍ ነኝ፣ የማህፀን በር ካንሰር ምርመራ ላይ ስመደብ መጀመሪያ ያረኩት ፖስተር ይዞ ማስተማር ነበር። ካንሰሩ ሲብስ ምን እንደሚመስል ፎቶ ሁሉ አሳየኋቸው፣ ይደነግጡና ይመጣሉ ብዬ። ደነገጡ፣ ግን አንድም ሴት አልመጣችም። በጣም አዘንኩ፣ ይሄ በሽታ እኮ ካንሰር እስኪሆን ብዙ አመት ይፈጅበታል፣ ቀድሞ ከተደረሰበት ይታከማል።

ከዛ ከጤና ኤክስቴንሽኗ ጋር እናቶች ቡና የሚጠጡበት ሄጄ ቁጭ አልኩና ምን እንደሚያስፈራቸው ጠየኳቸው። ካንሰሩን ያነሳ የለም! አንዷ "የሚያየን ወንድ ነው?" አለች፣ ሌላዋ "ማህፀን ያወጣሉ ይባላል"፣ የ47 አመት እናት ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አርገው "ልጄ እንዴት ብዬ ነው በዚህ እድሜዬ የምገለጠው" አሉኝ።

በሚቀጥለው ስፔኩለም (የማህፀን በሩ እንዲታይ ብልት ውስጥ ገብቶ ከፈት የሚያረገውን መሳሪያ) ይዤ ሄድኩ፣ እየተቀባበሉ ነካኩት። የማህፀን በሩ ላይ የምንቀባው አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው፣ አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቀን ነጭ የሆነ ነገር (የካንሰር መነሻ ሊሆን የሚችል ለውጥ) ካለ እናያለን፣ ውጤቱም እዛው ይነገራል፣ ነጭ ከታየም ብዙ ጊዜ በቀላሉ በሙቀት ወይ በቅዝቃዜ ይታከማል እንጂ ማህፀን አይወጣም አልኳቸው። በጣም የከበደኝ ጥያቄ ግን "በግንኙነት ነው የሚመጣው ካልሽ ባሌ ወስልቷል ማለት ነው?" የሚለው ነበር። ይሄን ሳታብራሩ እንዳታልፉ፣ ትዳር ይበጠብጣል። ካንሰሩን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤች ፒ ቪ፣ ምልክት ሳያሳይ አመታት ሊቆይ ይችላል፣ ከማን መቼ እንደመጣ አይታወቅም፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል።

ከዛ አንዷ "አንቺስ ተመርምረሻል?" አለችኝ። አልተመረመርኩም ነበር፣ 34 አመቴ ነው፣ ምርመራው ደግሞ ከ30 እስከ 49 ላለን ሴቶች ነው (ኤች አይ ቪ በደሟ ላለ ከ25 ይጀምራል)። እውነቱን ነገርኳቸውና በሳምንቱ ተመርምሬ ተመለስኩ፣ ጫን የማለት ስሜት እንዳለው፣ አሲዱ ሲቀባ ትንሽ ቆጥቆጥ እንደሚያረግ ሳልደብቅ አወራኋቸው።

ያኔ ሶስት ሆነው ተያይዘው መጡ፣ እኚያ እናትም አሉበት። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሸረጡ ተኙ፣ ሲያልቅ "ይቺው ናት?" ብለው ወጥተው ወንበር ላይ ለሚጠብቁት ነገሩልኝ። ነጭ ነገር ስላልታየባቸው ከአመታት በኋላ ይመለሳሉ ብዬ ካርዱ ላይ ስፅፍ "እስከዛ ማን ያስታውሰኛል?" አሉኝ፣ መልስ አልነበረኝም። አሁን የሁሉንም ስልክ ደብተር ላይ እየመዘገብኩ ነው።