ነጎድጓድ የሚሰማው ኮች

በታዳጊዎች ውድድር ላይ በጎ ፈቃደኛ የደህንነት አስተባባሪ ስትሆን ሥራህ ባጭሩ ጨዋታ ማበላሸት ነው። ተንቀሳቃሽ ጎሎቹ ላይ የአሸዋ ከረጢት ካልተጫነ ማሟሟቅ የለም ትላለህ። ጉትቻ ታስወልቃለህ። ጭንቅላቱን ተመቶ የዞረበትን ልጅ «ዛሬ በቃህ» ብለህ ታስለቅሳለህ። ደሞዝ የለህም፤ ቅጽል ስም ግን አታጣም። የኔ «አቶ አይቻልም» ነው።

ስሙን ያወጣልኝ ከ13 ዓመት በታች የሚያሰለጥን አንድ ኮች ነው። እየተመሩ በነበረበት ቀን ነጎድጓድ ሰምቼ ጨዋታ አስቆምኩበት። ደንቡን ታውቁታላችሁ፦ ነጎድጓዱ ከተሰማህ መብረቁም ሊደርስብህ ይችላል። ሁሉም ወደ ሕንፃ ወይም ወደ መኪና ይገባል። ከመጨረሻው ድምፅ 30 ደቂቃ ይቆጠራል፤ በመሃል ደግሞ ከተሰማ ከዜሮ ይጀመራል። ኮች አጠገቤ መጣና «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ የጭነት መኪና ነው። ጆሮህን ተመርመር» አለኝ። ወላጆች ሳቁ። እኔ ድርቅ ብዬ ቀረሁ። መልሱ የመጣልኝ ማታ አልጋ ላይ ነው፤ ያኔ ምን ይሠራል?

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ኮች 2 ለ 1 እየመራ ነው። 8 ደቂቃ ቀርቷል። ተጋጣሚዎቹ ኮርነር በኮርነር አድርገውታል፤ ትንሹ በረኛው ጓንቱ ሰፍቶት በየኳሱ መሃል ወደ ላይ ይስበዋል። ኮች እየሮጠ መጣ።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ነጎድጓዱን ነዋ!»

አልሰማሁም። ዳኛውም አልሰማም። ወዲያ ማዶ ጠቆር ያለ ደመና አለ፤ ግን ሩቅ ነው። እርግጥ መብረቅ ዝናቡን ሳይጠብቅ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ለኮቾቹ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ያደልኳቸው ወረቀት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ነበር፤ አራት ቦታ አጣጥፎታል። ዘረጋው።

«ሦስተኛዋን መስመር አንብብልኝ እስቲ።»

አነበብኩለት። «አንድ ሰው እንኳ ሰማሁ ካለ ጨዋታው ይቆማል። ክርክር የለም።» የገዛ ዓረፍተ ነገሬ እንዲህ ረጅም መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ለዳኛው ምልክት ሰጠሁ። ልጆቹ መልበሻ ክፍል ገብተው ተቀመጡ። 28ኛው ደቂቃ ላይ ኮች በሩ ጋ ቆሞ ጣቱን አነሳ። «እሽሽ... ሰማችሁ?» ሰዓቱን ከዜሮ አስጀመርኩ። በረኛው ብቻ ጓንቱን እያወለቀ «እኔ አልሰማሁም» አለ። ኮች በዓይኑ ገላመጠው።

ከዚያ መሸ። የውድድሩ ኮሚቴ ውጤቱ ይጽና አለ። የተሸነፈው ቡድን ወላጆች ኮችን ትተው ተራ በተራ እኔን ወረዱብኝ።

ሌሊቱን ዘነበ። ነጎድጓድም ነበረው፤ ይህን ባልጽፈው ደስ ባለኝ።

በሳምንቱ ጆሮዬን ተመረመርኩ። ደህና ነው አሉኝ። ሦስተኛዋን መስመር ቀይራት ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ አልቀየርኳትም። ብቻ አሁን ያ ኮች መምራት ሲጀምር ሄጄ ከሱ ወንበር አጠገብ እቆማለሁ።