ሳትሄድ ደረስኩባት

ሚያዝያ 5፣ ማታ፣ ደብረ ብርሃን

ዛሬ ያቺን ትንሽ ወፍ አገኘኋት! ሦስት ቅዳሜ ወፍ ዋሻ ደን ጫፍ ድረስ ተመላልሼ ጉም ብቻ አይቼ ነበር የተመለስኩት።

ጠዋት ጉሙ ገለጥ ሲል ከኮሶው ላይ ያ ድምፅ ወረደ። ወረደ የምለው የእውነት ስለሚወርድ ነው፤ ከላይ ይጀምርና እየለሰለሰ መጥቶ ይጠፋል። ፈረንጆቹ ዊሎው ዋርብለር ይሏታል። በአማርኛ የራሷ ስም ሲጠራላት ሰምቼ አላውቅም፤ ይቆጨኛል። የሚዘምረው እንኳ ወንዱ ነው፤ እኔ ግን ትንሽ ስለሆነች አንቺ ማለት ይቀናኛል።

የምትመስላት ቺፍቻፍ የምትባል ሌላ ወፍ አለች፤ ስንቴ አሳስታኛለች። የቺፍቻፍ እግር ጥቁር ነው፣ የዚህች ፈዘዝ ያለ። ቺፍቻፍ ጅራቷን ወደ ታች ነቅነቅ ታደርጋለች፣ ዜማዋም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው። ደግሞ ቺፍቻፍ በጋውን እኛው ደጋ ላይ ትቆያለች። ይቺ መንገደኛ ናት። የመስቀል ወፍ በዓመት አንዴ ነው የሚታየው፤ እሷ ግን ሁለቴ ታልፋለች፤ በመስከረም ወደ ደቡብ ስትወርድ፣ አሁን ደግሞ ስትመለስ።

ክብደቷ 10 ግራም ገደማ ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር በሉት። በዚያ አቅሟ ሰሃራን ታቋርጣለች። የፈረንጆቹ አገር ጸደይ የእኛ በልግ ነው። ዝናቡ ቅጠሉን ያለመልማል፣ ቅጠሉ ላይ ትል ይበዛል፣ ትሉ ስብ ይሆናታል። ለሌሊቱ በረራ ስንቋ ያ ስብ ነው። አምና ያየሁባት ዛፍ ዘንድሮ ጉቶ ሆና ሳገኛት ሆዴ የባባው ለዚህ ነው።

አንድ አባት ወደ በልግ ገብሳቸው ሲሄዱ ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ምን ጠፍቶብህ ነው?»

ባይኖኩላሩን ሰጠኋቸው። ቆይተው አገኟት።

«ይቺንማ አውቃታለሁ። እህል አትነካም። አገሯ የት ነው?»

«ሩስያ ድረስ የሚሄዱ አሉ አባባ። የሚበሩት በሌሊት ነው።»

«በሌሊት? መንገዱን ማን ያሳያቸዋል?»

«ኮከብ ያያሉ።»

ጉሙን በእጃቸው አሳዩኝ። «እንዲህ ሲሆንስ?»

የምድርን መግነጢስ እንደሚያውቁ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሲያይዋት ቆዩ። ከዚያ ባይኖኩላሩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ።

አሁን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ሰማዩ ጠርቷል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ግን መስኮቱን ከፍቼ ነው የምጽፈው። ምናልባት ተነስታ ይሆናል።