ብርጭቆ ጠርዝ ላይ የቀረ የከንፈር አሻራ

የወንጀል ስፍራ ላይ ብርጭቆ ሲገኝ እጃችን ቶሎ የሚሄደው ወደ ጣት አሻራ ነው። ጠርዙን ብዙዎቻችን እናልፈዋለን። እኔ ግን ከጠርዙ መጀመር ለምጃለሁ። የከንፈር ስንጥቅ ከሰው ሰው ይለያያል። ሊፕስቲክ ባይኖርም፣ ወይም የማይለቅ የሚባለው ዓይነት ቢሆንም፣ ቅባትና ምራቁ የነካው ዕቃ ላይ ይቀራል። ፈረንሳዊው የወንጀል ምርመራ ሳይንቲስት ኤድሞን ሎካር የከንፈር አሻራ ለማንነት መለያ ይጠቅማል ያለው በ1932 እ.ኤ.አ. ነው።

የተለማመድኩት ላብራቶሪ ውስጥ፣ ፈቃደኞች በተዉልኝ አሻራ ነው። መጀመሪያ ብርሃን። ክፍሉን አጨልሜ ባትሪውን ከጎን ዝቅ አድርጌ ሳበራ፣ ንጹሕ የመሰለው ጠርዝ ላይ ደብዘዝ ያለ ምልክት ብቅ ይላል። ምንም ሳልነካ መለኪያ አስጠግቼ ፎቶ አነሳለሁ።

ከዚያ ዱቄት። አሻራው አዲስ፣ ገጹም ለስላሳ ከሆነ የአሉሚኒየም ወይም የማግኔት ዱቄት ይበቃል። ብሩሹ መንካቱ እንኳ እንዳይታወቅ ቀለል ይበል። ዱቄት የሚይዘው ከንፈሩ የነካው ክፍል ነው፤ ስንጥቆቹ ባዶ መስመር ሆነው ይቀራሉ። መስመሮቹን እንዳየሁ ብሩሹን እነሱን ተከትዬ እንጂ አቋርጬ አላስኬድም። አንድ ዙር ከበዛ ባዶው ይሞላል፣ ያ መስመር ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ትንሽ ደብዛዛ እያለ ማቆም ይሻላል። ፎቶ አንስቼ ነው አሻራውን በፕላስተር የማነሳው፤ ክብ ጠርዝ ላይ ፕላስተር ቅርጹን ያዛባልና።

አሻራው ሲቆይ ነገሩ ይለወጣል። እርጥበቱ ይተናል፣ ዱቄቱ የሚጣበቅበት ያጣል። ቅባቱ ግን ይቆያል፤ ያኔ ሱዳን ብላክን የመሰለ ቅባት የሚያቀልም ነገር ያዋጣል። ገጹ ጥቁር ወይም ዝንጉርጉር ከሆነ ናይል ሬድ የሚባለው ቀለም ይመረጣል፤ በልዩ ብርሃን ያበራል።

ማነጻጸሩ ላይ ግን ቆጠብ እላለሁ። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች ሱዙኪና ጹቺሃሺ በ1970 እ.ኤ.አ. ስንጥቆቹን በዓይነት ከፍለዋል፦ ቀጥ ያሉ፣ ቅርንጫፍ ያወጡ፣ የተጠላለፉ፣ መረብ የመሰሉ። ይሁንና ያው ከንፈር ጫን ሲል አንድ፣ ነካ ሲያደርግ ሌላ መልክ ይሰጣል። በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1999 እ.ኤ.አ. ማሸጊያ ፕላስተር ላይ በተገኘ የከንፈር አሻራ የተሰጠ ምስክርነትን ተቀብሎ ነበር፤ ሳይንሳዊ መሠረቱ ግን ብዙ ትችት ገጥሞታል። እኔም ሪፖርት ስጽፍ «የእሱ ነው» አልልም። የትኞቹ መስመሮች እንደሚመሳሰሉና የትኛው ክፍል እንዳልታየኝ እጽፋለሁ።

ከንፈር የነካው ቦታ ምራቅ አለው፣ ምራቅ ካለ ዲኤንኤ ሊኖር ይችላል። ያገለገለ ብሩሽ ደግሞ ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ይዞት ይሻገራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕቃ አዲስ ብሩሽ አወጣለሁ። ዱቄቱን ሳልከፍትም ከዲኤንኤ ባለሙያው ጋር እነጋገራለሁ፤ ናሙናው ከየትኛው ዳር ይወሰድ፣ የትኛው መስመር ሳይነካ ይቆይልኝ የሚለውን አብረን እንወስናለን።