ውሻውን እንዳትነኩት

ሥራዬ ሰዎችን የእግር ጉዞ መውሰድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ከአዲስ አበባ ተነስተን መናገሻ ሱባ ደን እንገባለን። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንድ ጥያቄ በዝቷል፦ «ውሻዬን ይዤ መምጣት እችላለሁ?» ድሮ እንዲህ የሚጠይቁኝ የውጭ ዜጎች ነበሩ። አሁን ከውጭ የተመለሱ ወገኖቻችንም፣ እዚሁ ያደጉ ወጣቶችም ይጠይቃሉ። ደስ ይለኛል። ቀኑን ሙሉ ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚውል ውሻ ጫካ ሲገባ፣ እያንዳንዱን ቅጠል ሲያሸት ማየት ያስደስታል። ግን «ይቻላል» ከማለቴ በፊት ብዙ ነገር እጠይቃለሁ። ይህን ያስተማረኝ አንድ ቅዳሜ የደረሰብን ነገር ነው።

ደኑን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ልበል። መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ ነው። የተራራው ጫፍ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በአፈ ታሪክ ይነገራል። ከታች ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ነው። ከፍ ሲሉ ኮሶ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ አስታ። ጉሬዛ አለ፣ የምኒልክ ድኩላም አለ። በደኑ ዙሪያ ደግሞ ገበሬ ይኖራል። ገበሬው ከብት አለው፣ ከብቱ እረኛ አለው፣ እረኛው ውሻ አለው። ሰው ጫካ ሲባል ነብርና ጅብ ነው የሚፈራው። ውሻ ይዤ ስሄድ እኔን የሚያሳስበኝ ግን የእረኛው ውሻ ነው።

የዚያን ቀን ከመጡት መካከል ከቨርጂኒያ ተመልሰው አዲስ አበባ የከተሙ ባልና ሚስት ነበሩ። ላብራዶር ውሻቸውን ይዘዋል፤ ስሙ ማክስ ነው። ሁለቱም ጠንቃቃ ሰዎች ናቸው። እዚያ እያሉ ከማክስ ጋር ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ይሄዱ ነበር። በዚያ ፓርክ ውሻ በአብዛኛው መንገድ ይፈቀዳል፤ ማሰሪያው ግን ከ6 ጫማ፣ ማለትም ከሁለት ሜትር ትንሽ ካነሰ ርዝመት መብለጥ የለበትም። እነሱም ያንኑ ገመድ ይዘው መጡ። ማክስ ተከትቧል፣ ወረቀቱ ቦርሳቸው ውስጥ አለ። ለራሱ ውሃ፣ ለራሱ ሳህን። ከአንድ ባለውሻ የሚጠበቀው ሁሉ ተሟልቷል።

ይዞን የሚሄደው አንጋፋ የደን ጠባቂ ነው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ እዚያ ጫካ ውስጥ የኖሩ ሰው ናቸው።

ጠዋቱ ሰላም ነበር። ጉሬዛዎቹ ማክስን ሲያዩ ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ወጡ እንጂ ብዙም አልተረበሹም። አንድ ቦታ ላይ ከቁጥቋጦው ውስጥ ጩኸት ሰማን። ቁርጥ የውሻ ድምፅ ነው። ማክስ ጆሮውን ቀስሮ ቀጥ አለ። «ድኩላ ነው» አሉ ጋሼ። ድኩላ ሲደነግጥ እንዲያ ነው የሚጮኸው፤ ብዙ ሰው አያውቅም። ሚስትየዋ ገመዱን ሰብሰብ አድርጋ ያዘችና አለፍን።

ከደኑ ዳር ልንወጣ ስንል ነው የሆነው። መንገዱ ይታጠፋል። ከእጥፋቱ ማዶ ከብቶች ነበሩ፣ እኛ አላየናቸውም። ሁለት ውሾች እየጮሁ መጡ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡላ። ማክስን ከበቡት። «ቁሚ፣ አትሩጪ!» አልኳት። አልሮጠችም። ግን ውሻዋ ሲነከስ ዝም ብሎ መቆም የሚችል ሰው ስንት ነው? እጇን መሃል ከተተች። ጥቁሩ ክንዷን ነከሳት።

እረኛው ልጅ በዱላው እያስፈራራ አራራቃቸው። አሥር ወይ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ደሟን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። ባልየው ድንጋይ አንስቷል። ከኋላችን ያሉትም «በለው! ያ እብድ ውሻ ነው፣ ግደለው!» ይላሉ። ልጁ ውሾቹን ጠርቶ ሊሸሽ ሆነ።

ያኔ ጋሼ ጮኹ። ሲጮኹ ሰምቼያቸው አላውቅም ነበር። «ውሻውን እንዳትነኩት! እሱን ከገደላችሁ ይህች ልጅ ምን እንደነካት በምን እናውቃለን?»

ድንጋዩ ከባልየው እጅ ወደቀ።

ጋሼ ወደ ልጁ ቀስ ብለው ሄዱ። በኦሮምኛ አናገሩት። ማንም እንደማይመታው፣ ማንም እንደማይከሰው ነገሩት። የአባቱን ስም ጠየቁት፣ ቤታቸው የት እንደሆነ ጠየቁት። የነከሰው ጥቁሩ መሆኑን ከራሱ ከልጁ አፍ አረጋገጡ። ልጁ መንቀጥቀጡን ሲያቆም ቀበቶአቸውን ፈትተው ውሻውን የሚያስርበት ሰጡት።

ምክንያቱን በኋላ ከሐኪም ጭምር ሰማነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ውሻው በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረሱ ካለ፣ ውሻው ራሱ በ10 ቀን ውስጥ ይታመማል ወይም ይሞታል። 10 ቀን በጤና ከቆየ፣ ሲነክስ በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ስለዚህ የለከፈው ውሻ በሕይወት መኖሩ፣ የሚታይበት ቦታ መኖሩ ለተነካሹ ትልቅ ነገር ነው። በንዴት ተገድሎ ገደል ከተጣለ፣ ወይም ልጁ ፈርቶ ከደበቀው፣ ያ መረጃ ጠፋ። ከሞተም ጭንቅላቱን ላቦራቶሪ ሊመረምረው ስለሚችል ዝም ብሎ መቅበር አይገባም።

ይህ ማለት ግን 10 ቀን እጅን አጣጥፎ መጠበቅ አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ሰው እየተሳሳተበት ስለሚሞት ነው። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ የሚጀመረው ወዲያው ነው። ውሻው ጤነኛ ሆኖ 10 ቀኑ ሲያልፍ ሐኪሙ ቀሪውን ሊያቆም ይችላል።

ወዲያው ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ የሚሠራ ነገር አለ፤ ቁስሉን ማጠብ። አንዱ «አረቄ አድርጉበት» አለ። ሌላው ነጭ ሽንኩርት አለ። አንዲት እናት ጸበል ይዘው ነበር፣ አወጡ። ጋሼ እጅ ነሱና «ጸበሉ ይደርሳል እማማ፣ በመጀመሪያ ሳሙና» አሉ። ከተጓዦቹ አንዷ ሳሙና ነበራት። የሁላችንንም የመጠጥ ውሃ ሰበሰብን። ሰዓት ይዘን 15 ደቂቃ ሙሉ አጠብናት። ሲያጥቡት 15 ደቂቃ ረጅም ነው። እጇ ይቃጠላል፣ ታለቅሳለች፣ «በቃ፣ ጸድቷል» ትላለች። ጋሼ «አይዞሽ ልጄ፣ ትንሽ ነው የቀረው» እያሉ ውሃውን ያፈሱ ነበር። ሳሙናና ውሃ ቫይረሱን ከቁስሉ ያጥባል፣ ያዳክመዋልም። ጫካ ውስጥ ካለን ነገር ሁሉ ትልቁ መድኃኒት እሱ ነበር።

ወደ ከተማ ይዘናት ስንገባ ክትባቱ በዚያው ቀን ተጀመረላት። ቁስሉን አልሰፉትም፤ እንዲህ ያለ ንክሻ ወዲያው ባይሰፋ ይመረጣል። የማክስን ቁስልም የእንስሳት ሐኪም አየው፣ ለሱም የማጠናከሪያ ክትባት ሰጠው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት የጋሼ ነበሩ። ማታ ማታ ከሥራ ሲወጡ በልጁ ቤት በኩል ያልፋሉ። ጥቁሩ ውሻ በላ? ጠጣ? ጠባዩ ተቀየረ? ምራቁ ይዝረበረባል? አይተው ይደውሉልኛል፣ እኔ ለባልና ሚስቱ እደውላለሁ። የልጁ አባት መጀመሪያ ካሳ ሊጠየቁ መስሏቸው ተጨንቀው ነበር። ነገሩ ሲገባቸው ውሻውን ከከብቶቹ ለይተው አስረው፣ በእጃቸው ሳይነኩት ይመግቡት ጀመር። 10ኛው ቀን አለፈ። ጥቁሩ እንደ ልማዱ ይጮሃል፣ ይበላል። ሐኪሟም በዚያ መሠረት ቀጣዩን ወሰነች።

እኔ ከዚህ የገባኝ ነገር ይህ ነው። ከባልና ሚስቱ ጋር የመጣው ጥንቃቄ በሙሉ ስለ ራሳቸው ውሻ ነበር። ገመዱ፣ ክትባቱ፣ ወረቀቱ። ሸናንዶዋ ላይ ይህ ይበቃ ይሆናል፤ የሚያጋጥማቸው ውሻም እንደ ማክስ ገመድ የያዘለት ሰው አብሮት ነው። መናገሻ ላይ ግን የሚያጋጥማቸው ውሻ ሥራ ላይ ነው። ከብት ይጠብቃል። እንግዳ ውሻ ሲያይ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። እሱን እንደ ጠላት ማየት አይገባም። ባለቤቱ ግን ሊያውቀን፣ ውሻውም ሊከተብ ይገባል።

ስለዚህ አሠራራችን ተለወጠ። ውሻ ካለ አንዳችን ቀድመን እንሄዳለን፣ እጥፋት ላይ ስንደርስ ድምፅ አሰምተን እረኛውን እንጠራለን። እረኛው ውሾቹን እስኪይዝ እንቆማለን። ሳሙናና ለማጠቢያ ብቻ የሚሆን ውሃ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ባልና ሚስቱም ወጪውን ችለው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዘን ወደዚያ መንደር ተመለስን። ጎረቤቱ ሁሉ ውሻውን እየጎተተ መጣ። ልጁ ጥቁሩን ራሱ ይዞ አስከተበው። ሚስትየዋ አጠገቡ ቆማ ነበር፤ «ስሙ ማነው?» ብላ ጠየቀችው። የነከሳትን ውሻ።

በቅርቡ ደውላ «ማክስን ይዘን ባሌ ተራሮች እንሂድ» አለችኝ። እዚያ ላይ እምቢ አልኩ። ባሌ የቀይ ቀበሮ አገር ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። በ2003 እና 2004 እ.ኤ.አ. ከውሻ የመጣ የእብድ ውሻ በሽታ በወብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹን ጨረሳቸው። ከዚያ በኋላም ዲስቴምፐር የሚባል ሌላ የውሻ በሽታ ደጋግሞ ገድሏቸዋል። ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሻ የሚከትቡት ለዚህ ነው። «ማክስ ተከትቧል፣ አውቃለሁ» አልኳት። «ግን እዚያ የጎብኚ ውሻ ጭራሽ ባይገባ ነው የሚሻለው።»

አልተከራከረችኝም። ማክስ ለዚያ ሳምንት እናቷ ቤት ቀረ።