ሱቁ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው

መጽሐፍ ማሳተም ስንት ብር ይፈጃል ብለው የሚጠይቁኝ ወጣቶች በዝተዋል። አብዛኞቹ የድሮ ተማሪዎቼ ናቸው። አንዳንዶቹ ሐረር ነው የሚኖሩት፣ አንዳንዶቹ እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ። ግጥም ያላቸው አሉ፣ አጭር ልቦለድ የጻፉ አሉ። አንዱማ ምድር ባቡር ስለሠሩት አያቱ ወፍራም ደብተር ሞልቶ አምጥቶልኛል። ጥያቄያቸው ግን ሁሌ ስለ ገንዘብ ነው። ማተሚያ ቤቱ ስንት ይለኛል? ሽፋን የሚሠራልኝ ስንት ይጠይቃል? አከፋፋይ ስንት ከመቶ ይቆርጣል? የማውቀውን እነግራቸዋለሁ። ልነግራቸው የምፈልገው ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ለአንድ ለአንድ ከማወራ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

የመጀመሪያ መጽሐፌ በ2004 ዓ.ም. ወጣ። የአጫጭር ልቦለዶች ስብስብ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ረቂቁን አንብቦ ወደደውና በጥቅል ዋጋ ተዋዋልን። 12 ሺህ ብር ከፈለኝ፣ መብቱን ወሰደ። ያኔ የማውቃቸው ደራሲዎች ሁሉ የሚፈርሙት እንዲህ ዓይነት ውል ነበር። መጽሐፉ በድጋሚ ሲታተም የሰማሁት ከአሳታሚው አይደለም። አንድ ተማሪዬ አዲስ ሽፋን ያለውን ቅጂ ይዞ መጥቶ አስፈርሞኝ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ኅትመት አንድ ሳንቲም አልደረሰኝም። ውሉ ይፈቅድለታል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን መጽሐፉ በተሸጠ ቁጥር ደራሲው ምንም የማያገኝበት አሠራር ያኔም ልክ አልነበረም፣ ዛሬም ልክ አይደለም።

ያ አሳታሚ ግን ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገር ሰጥቶኛል። አርታኢ ሰጥቶኛል።

አርታኢው ዕድሜያቸውን ጋዜጣ ላይ የጨረሱ አዛውንት ነበሩ። ረቂቁ በአውቶቡስ ተልኮልኝ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ቤት ገብቼ ስከፍተው ገጹ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ተሞልቷል። የፊደል ግድፈት ያረሙት ጥቂት ነው። የቀረው ሁሉ ጥያቄ ነው። ከታሪኮቹ በአንዱ ውስጥ አንዲት ልጅ መጋላ ወዳለ ሱቅ ትላካለች፣ ለለቅሶ ቤት ስኳርና ቡና እንድትገዛ። ሱቁ ዝግ ነው፣ ባዶ እጇን ትመለሳለች። እኔ ይህን በአንድ መስመር ነበር የጻፍኩት። እሳቸው ከመስመሩ ጎን እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሱቁ ለምን ተዘጋ?»

የድሬ ሰው ይህን አይጠይቅም። ስድስት ሰዓት ካለፈ ሙቀቱ መንገዱን ባዶ ያደርገዋል። ባለሱቅ በሩን ገርበብ አድርጎ ወይ ጨርሶ ዘግቶ ይገባል። የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው በርጫውን ይዞ ይቀመጣል። ከተማው ነፍስ የሚዘራው አሥር ሰዓት አካባቢ ነው። ለእኔ ይህ እንደ አየሩ ስለሆነ አልጻፍኩትም። እሳቸው ግን ጎጃም ወይም ወላይታ ሆኖ የሚያነበውን ሰው ወክለው ጠየቁኝ። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍኩት። ልጅቱ የቆርቆሮውን በር ስትነካው ያቃጥላታል። በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ታንኳኳለች። ከውስጥ የራዲዮ ድምፅ ይሰማታል፣ ሰው ሲስልም ይሰማታል። ባለሱቁ አለ። ማንኳኳቷንም ይሰማል። አይከፍትም።

ይህ ግማሽ ገጽ እሳቸው ባይጠይቁኝ ኖሮ አይኖርም ነበር። ዛሬም ያንን መጽሐፍ ያነበበ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘኝ የሚያነሳልኝ ያንን ባለሱቅ ነው።

በነገራችን ላይ ማተሚያ ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ብርሃንና ሰላም በ1914 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመቋቋሙ በፊት የካፑቺን ሚሲዮናውያን ሐረር ውስጥ ማተሚያ ነበራቸው። በአውሮፓውያኑ 1905 «ለ ሰመር ዴትዮፒ» የተባለ የፈረንሳይኛ ጋዜጣ እዚያ ማተም ጀመሩ። ኋላም ማተሚያው ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ዛሬ ደረሰኝ፣ የሠርግ ካርድና ባነር እዚሁ ድሬ ይሠራልኛል። መጽሐፌን ግን ያሳተምኩት አዲስ አበባ ነው።

በደርግ ጊዜ የነበረውን ከታላላቆቼ ነው የሰማሁት። ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የመንግሥት ነበር። አርታኢዎች ነበሩት፣ መጽሐፉም ዋጋው የተማሪ ኪስ የሚችለው ነበር። ሳንሱሩ ግን አብሮ ነበር። ኦሮማይ በ1975 በኩራዝ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በዓሉ ግርማም በ1976 ከቤቱ እንደወጣ ደብዛው ጠፋ። ያን ዘመን የሚናፍቁ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህን አስታውሳቸዋለሁ። ቅድመ ምርመራን ያስቀረው የፕሬስ አዋጅ፣ ቁጥር 34/1985፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዛሬ ረቂቄን ለማንም ባለሥልጣን አላሳይም። የምፈልገው እንደዚያ አርታኢ የሚጠይቀኝ ሰው ነው እንጂ የሚከለክለኝ አይደለም። የሁለቱ ልዩነት ሰፊ ነው።

ሁለተኛውን መጽሐፌን በ2015 በራሴ ገንዘብ አሳተምኩ። አሳታሚዎቹ «ብሩን አምጪና እናሳትምልሽ» ማለት ጀምረው ነበር። ብሩን የማወጣው እኔ ከሆንኩ ለምን በሌላ ሰው በኩል እሄዳለሁ አልኩና እቁቤን ይዤ ቀጥታ ማተሚያ ቤት ገባሁ። 180 ገጽ፣ 1000 ቅጂ፣ አንዱ 110 ብር ወጣብኝ። ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል። የሽፋን ዋጋውን 300 ብር አደረግሁት። አከፋፋዩ 35 ከመቶ ይወስዳል፣ ለእኔ 195 ይቀራል። የኅትመቱ ሲቀነስ 85 ብር ነው። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ሽፋን የሠራልኝን፣ ገጽ ያቀናበረልኝን፣ ካርቶኖቹን ወደ ድሬ ያመጣውን አይሱዙ ስትደምሩበት ግን ይሳሳል። ከወመዘክር፣ ከብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ያወጣሁትም ራሴ ነኝ። ምረቃውን ያዘጋጀሁትም፣ ስፖንሰር ፍለጋ ቢሮ ለቢሮ የዞርኩትም ራሴ ነኝ።

ደግሞ ገንዘቡ ቶሎ አይመጣም። መጽሐፉን የምትሰጡት ተሽጦ ሊከፈላችሁ ነው። ሐረር ፈረስ መጋላ አካባቢ ያለ አንድ ሱቅ 20 ቅጂ ወሰደ። በደንገጎ ዳገት በሚኒባስ ወጥቼ ስጠይቅ «አልተሸጠም፣ ነገ ነይ» ይለኛል። መደርደሪያው ላይ ግን መጽሐፉ የለም። ለገሃሬ አካባቢ መጽሐፍ በክንዱ ደርድሮ የሚያዞር አንድ ልጅ ግን አለ። ከሱቆቹ ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አሥር ቅጂ ይወስዳል፣ ቅዳሜ ማታ በቴሌብር ይልካል። «ቲቸር፣ አትጨነቂ አቦ፣ ሦስት ቀርቷል» ብሎ ይደውልልኛል። ድሬ ላይ አንቱታ የለም፣ ከተማሪዬ ያነሰ ልጅም አንቺ ይለኛል፣ ደስ ነው የሚለኝ። ስለ መጽሐፍ ንግድ ከእሱ የተማርኩት ይበልጣል። የትኛው ታሪክ ለየትኛው ሰው እንደሚሆን ያውቃል። ለባንክ ሠራተኛ ሲሸጥ ሌላ ታሪክ ያወራል፣ ለተማሪ ሲሸጥ ሌላ።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። የምናትምበት ወረቀት፣ ቀለሙ፣ ፕሌቱ በዶላር የሚመጣ ነው። በ2017 ያንኑ መጽሐፍ በድጋሚ ላሳትም ብጠይቅ አንዱ ቅጂ 210 ብር አሉኝ። በዚህ ሒሳብ የሽፋን ዋጋው 500 ሊገባ ነው። አስተማሪ ለአስተማሪ በ500 ብር መጽሐፍ ግዛ ለማለት አፍ ይከብዳል።

ፒዲኤፉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መጽሐፉ በወጣ በወሩ ቴሌግራም ላይ ነበር። በስልክ ፎቶ እየተነሳ የተሠራ ነው። በየገጹ ግርጌ ገጹን ጫን አድርጎ የያዘው ሰው አውራ ጣት ይታያል። ያቺን ጣት ባየሁ ቁጥር አዝናለሁ። ያ ሰው 180 ገጽ ሙሉ ቁጭ ብሎ ገልብጧል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። በ872/2007 ተሻሽሏል። አዋጁን አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው። ግን ቻናሉ ስም የለው፣ አድራሻ የለው። ማንን ልክሰስ?

በዚሁ ፒዲኤፍ ምክንያት ግን አንድ ነገር ሆነ። ከጅጅጋ አንድ አንባቢ በቴሌግራም ጻፈልኝ። መጽሐፉን በጣም ወዶታል፣ 87ኛው ገጽ ግን ግማሹ ተቆርጧል፣ እባክሽ ላኪልኝ አለኝ። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። የመጽሐፉ ዋጋ 300 ብር መሆኑንም ነገርኩት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ 300 ብር በቴሌብር ገባ። በ2004 ይህ ሰው ከእኔ ጋር የሚገናኝበት መንገድ አልነበረም። መሐላችን አሳታሚ፣ አከፋፋይ፣ ሱቅ ነበር። ዛሬ ማን እንዳነበበኝ አውቃለሁ፣ የት ላይ እንዳለቀሰ ይነግረኛል። ይህን ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም።

ታዲያ ምን ጎደለ? ሁለተኛውን መጽሐፍ ከማሳተሜ በፊት ያነበቡት ጓደኞቼ ናቸው። ሁሉም ወደዱት። ጓደኛ ይወዳል፣ ምን ያድርግ። ማተሚያ ቤት የሰጠሁትን ፋይል ነው የሚያትመው፣ ሥራው ያ ነው። ቴሌግራም ላይ ታሪክ ስለጥፍም እሳትና ልብ ይዘንባል፣ «ቲቸር ቀጥይ» ይሉኛል። ደስ ይላል። ነገር ግን ሱቁ ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ሁለቱን መጽሐፎቼን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንብቤያቸዋለሁ። የሁለተኛው አማርኛ የተሻለ ነው፣ አሥር ዓመት ጽፌበታለሁና። ታሪኮቹ ግን የመጀመሪያዎቹን ያህል አይቆሙም። ለድሬ ሰው ብቻ የሚገቡ ቦታዎች ሞልተውባቸዋል።

እና ልጆች፣ ብር ሲገኝ መጀመሪያ የሚከፈለው አርታኢ ነው። ከሽፋኑ በፊት። ከምረቃ አዳራሹ በፊት። 1000 ቅጂ የማሳተም አቅም ከሌለ 500 ይታተም፣ ለአንዱ የሚወጣው ቢጨምርም። አርታኢ ስል ፊደል የሚያርም ብቻ ማለቴ አይደለም። እሱም ያስፈልጋል፣ ግን ሌላ ሥራ ነው። እኔ የምለው ረቂቁን ሁለቴ አንብቦ፣ «እዚህ ጋ ጠፋሁ» የሚላችሁን ነው። ደግሞ ወዳጅ ባይሆን ይመረጣል። ሁለት ሦስት ሆናችሁ አንድ አርታኢ ብትይዙ ዋጋ ላይ መነጋገር ይቻላል።

አሳታሚ ካገኛችሁ ደግሞ ውሉን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። የኅትመት መብት አንድ ነገር ነው፣ የድምፅ ትረካ ሌላ፣ ትርጉም ሌላ፣ ፊልም ሌላ። ሁሉም በአንድ መስመር «መብቱን ሙሉ በሙሉ» ተብሎ ከሄደ አልቋል። በተለይ የድምፁን ያዙት። የእኛ ሕዝብ መጽሐፍ በጆሮው ማንበብ የጀመረው ዛሬ አይደለም። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብርን በራዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ገዝቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሰምቶታል። አሁን ደግሞ ትረካ በስልክ ነው። ባጃጅ ውስጥ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ይሰማል።

የእኔ ሦስተኛ ረቂቅ አሁን አንዲት አርታኢ ጋ ነው። መጽሔት ላይ የሠራች ናት። 40 ሺህ ብር ተስማማን። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ታሪኮች መልሳልኛለች፣ አንዱን እንደገና ከመጀመሪያው እየጻፍኩት ነው። አዲስ አበባ ያለ አንድ አነስተኛ አሳታሚም ፍላጎት አሳይቷል። እኔ ያቀረብኩለት ሁለት ገጽ ነው፦ የአማርኛ ኅትመት ብቻ፣ ለ5 ዓመት፣ ከእያንዳንዱ ቅጂ የሽፋን ዋጋ 15 ከመቶ፣ በየ6 ወሩ የተሸጠው በጽሑፍ ይነገረኝ። በእነዚህ ተስማምቷል። የተጋጨነው በድምፁ ነው። የትረካውን መብት ካልሰጠሽኝ ይቅር ብሎኛል። ከቀረ ይቀራል። እንደገና እቁብ እገባለሁ፣ 500 ቅጂ አሳትማለሁ። የአርታኢዋ ብር እንደሆነ ተከፍሏል።