መሄጃው 17፣ መመለሻው 13 ሰዓት

ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአየር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስሄድ 17 ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ስመለስ ግን 13 አካባቢ። ብዙ ሰው አየር መንገዱ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ የሚያዞረን ይመስለዋል። እውነቱ ሌላ ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያጣሉ። ሰውና ጓዝ ሞልቶ፣ እስከ አሜሪካ የሚያደርስ ነዳጅ ጭኖ መነሳት አይቻልም። ስለዚህ መንገድ ላይ ነዳጅ መሙላት ግድ ነው።

የእኔ በረራ የሞላው አየርላንድ፣ ደብሊን ነው። የደሴ መንገድ ቢሆን ደብረ ሲና ወርደን፣ ቁርስ ቀማምሰን፣ እግራችንን አፍታተን እንመለስ ነበር። እዚህ መውረድ የለም። መብራቱ ቦግ አለ፣ ጽዳቶች ገቡ፣ እኛ ቁጭ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ ሌሊቱን ሙሉ ወንበሩን ለጥጦ ጉልበቴን ሲደቁሰው አድሯል። ያ አንድ ሰዓት ከበረራው ሁሉ በላይ አንገፈገፈኝ።

ያበረዱኝ ከጎኔ የተቀመጡት እናት ናቸው። ልጃቸው ወልዳ ሊያርሷት ነው የሚሄዱት። አውሮፕላኑ ሲያርፍ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ለመውረድ ተዘጋጁ።

«ደረስን አይደል ልጄ?»

«ገና ነን እማማ፤ ነዳጅ ሊሞላ ነው።»

ካርታውን ከፍቼ አሳየኋቸው። ትንሿ አውሮፕላን ውቅያኖሱ ጫፍ ላይ ቆማለች። ዝም ብለው አዩዋትና ከፌስታላቸው ዳቦ ቆሎ አውጥተው በእፍኝ ሰጡኝ። «እንግዲያስ ብላ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉኝ። ከቀረበልን ምግብ ሁሉ የጣፈጠኝ እሱ ነው።

አትላንቲክን በእንቅልፍ አለፍኩት።

የዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ደለስ ስንወርድ አንዱ ባለታክሲ ዋሽንግተን አጠገብ እስካለችው አሌክሳንድሪያ 120 ዶላር ጠየቀኝ። አንድ የአገሬ ልጅ በ70 አደረሰኝ፤ ሻንጣዬንም በር ድረስ ተሸከመልኝ። ከአዲስ አበባ ጋር ያለው የሰዓት ልዩነት በአሜሪካ የብርድ ወቅት 8 ሰዓት ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ ይል ነበር።

መመለሻው ሌላ ዓለም ነው። ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ይነሳል። ከላይ ደግሞ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከኋላ ይገፋል። ረፋድ ላይ ተነስተን በማግስቱ ጠዋት ቦሌ ነበርን፤ የትም ሳናርፍ።

እናታችሁን ወይም አባታችሁን በዚህ መስመር የምትልኩ ከሆነ የመተላለፊያ ዳር ወንበር ያዙላቸው። መካከል ላይ ማረፊያ እንዳለም አስቀድማችሁ ንገሯቸው። የሚቀበላቸው ሰውም መካከል ላይ የሚያርፉበትን ሳይሆን ዋሽንግተን የሚደርሱበትን ሰዓት ይያዝ።