ሥልጠናውን የወሰደችው እሷ፣ ትእዛዝ የሰጠሁት እኔ

በአዋቂዎች ተኝቶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ ነርስ ሆኜ ስሠራ፣ በክፍሉ ያሉት ኢንሮልድ ነርሶች በሙሉ የኦንላይን የድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና እንዲወስዱ ሐሳቡን ያቀረብሁትም፣ አፈጻጸሙን የተከታተልሁትም እኔ ነበርሁ። ኢንሮልድ ነርሶች ከሬጅስተርድ ነርሶች አጠር ያለ ትምህርት ተምረው፣ በእነሱ ኃላፊነትና ክትትል ሥር የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። የሥራ ወሰናቸው ከአገር አገር ይለያያል፤ ከሕመምተኛው አልጋ አጠገብ ረጅሙን ሰዓት የሚያሳልፉት ግን ብዙውን ጊዜ እነሱ ናቸው። የደም ግፊት የሚለኩት፣ ሕመምተኛውን የሚያጥቡትና የሚያገላብጡት እነሱ በመሆናቸው፣ የሕመምተኛው ፊት ሲለዋወጥም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ናቸው። ሥልጠናው ከእነሱ እንዲጀምር ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ ዛሬም ቢሆን ውሳኔው ትክክል እንደነበር አምናለሁ። ያጎደልሁት ነገር የታየኝ ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ በአንድ የሌሊት ፈረቃ ላይ ነው።

ሥልጠናው ስድስት ሞጁሎች ነበሩት። አካሄዱ ድንገተኛ ሕመምተኛን በቅደም ተከተል መመርመርን የሚያስተምር ነው፤ መጀመሪያ የአየር መተላለፊያ፣ ቀጥሎ አተነፋፈስ፣ ከዚያ የደም ዝውውር፣ ከዚያ የንቃተ ሕሊና ሁኔታ፣ በመጨረሻም ሰውነትን ገልጦ ማየት። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመሠረታዊ ድንገተኛ ሕክምና ሥልጠና ላይ ያለውም ይኸው ቅደም ተከተል ነው። በየሞጁሉ መጨረሻ ፈተና አለ፤ 80 ከመቶ ያመጣች ያልፍላታል፣ በስሟም ትይዩ አረንጓዴ ምልክት ይመጣል። የሁሉም ስም አረንጓዴ በሆነ ጊዜ ዝርዝሩን አትሜ በተረኞች ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

በዚያ ምሽት፣ 4 ሰዓት ገደማ፣ በሳንባ ምች ለተኛ አንድ ጎልማሳ የታዘዘለትን ሴፍትሪአክሶን የተባለ አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ቀስ አድርጌ ሰጠሁና ወደ ክፍሉ ሌላ ጫፍ ሄድሁ። አንዲት ኢንሮልድ ነርስ በአጠገቡ ያለውን ሕመምተኛ የደም ግፊት እየለካች ነበር። በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ ያየችው ሰውዬው መዳፉን ከአንሶላው ጋር ሲያሻሽ ነው። ለአንድ አፍታ ከቆየ በኋላ ጉሮሮውን ይዞ «አንድ ነገር ያዘኝ» አላት፤ ድምፁ ወፍሮ ነበር። ከዚያ ሆዱን እንደሚቆርጠውና ሽንት ቤት መሄድ እንደሚፈልግ ነግሯት ከአልጋው ሊወርድ እግሩን አወጣ። ቆዳው ላይ ሽፍታ አልነበረም፤ እብጠትም አይታይበትም ነበር።

በሦስተኛው ሞጁል ውስጥ አንድ አጭር ቪዲዮ አለ። ቆዳዋ ምንም ሳይለወጥ፣ በሆድ ቁርጠትና በጭንቀት የጀመራት ከባድ አለርጂ ወደ አናፊላክሲስ፣ ማለትም ትንፋሽንና የደም ዝውውርን ወደሚያውክ ለሕይወት አስጊ ደረጃ፣ የደረሰባትን ሕመምተኛ ያሳያል። ይህች ነርስ ያንን ቪዲዮ በሁለት የሌሊት ፈረቃዎች ሁለት ጊዜ አይታው ነበር። ሰውዬው እንዳይነሣ ትከሻውን ያዘች፣ በጀርባው አስተኝታ እግሩን በትራስ ከፍ አደረገችለት፣ ኦክስጂን አጠለቀችለትና ጠራችኝ፦ «ሲስተር፣ አናፊላክሲስ ይመስለኛል!» በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ ሕመምተኛ በድንገት ሲቆም ደሙ ወደ እግሩ ወርዶ ወደ ልብ የሚመለሰው ስለሚያንስ፣ ጥቂት እርምጃ ሳይራመድ ልቡ ሊቆም ይችላል። እንዳይነሣ ማድረጓ ብቻውን ሕይወቱን አትርፎት ሊሆን እንደሚችል አስባለሁ።

ስደርስ የደም ግፊቱ 78 በ40፣ የልብ ምቱ በደቂቃ 132፣ የኦክስጂን መጠኑ 88 ከመቶ ነበር። ሲተነፍስ ደረቱ ያፏጫል። እኔም፣ በዚያ ክፍል ከማንም በላይ ልምድ ያለኝ ነርስ፣ «ሃይድሮኮርቲሶን 200 አዘጋጂ፤ ፀረ-አለርጂውንም አምጪ» አልሁ።

አልተንቀሳቀሰችም። አንድ እጇ በድንገተኛ ጋሪው እጀታ ላይ እንዳለ ቀና ብላ አየችኝ። እኔ በበኩሌ አዲስ የፈሳሽ መስመር ለመዘርጋት ክንዱን እያሰርሁ ስለነበር፣ ዝምታዋን ትእዛዜን እንዳልሰማች ቆጥሬ ደገምሁት። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ጥያቄ አስመስላ፣ «ሲስተር፣ አድሬናሊኑ በጡንቻ ቢቀድምስ?» አለችኝ። ምን እንዳደረግሁ የገባኝ ያኔ ነው። በኋላ ሰዓቱን ከመዝገቡና ከመለኪያ መሣሪያው ጋር ስናስተያይ፣ ከመጀመሪያው ትእዛዜ እስከ እሷ ጥያቄ ድረስ ሁለት ደቂቃ ገደማ አልፎ ነበር።

ለምን እንደዚያ እንዳልሁ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ለዓመታት መድኃኒት ወስደው ቆዳቸው ላይ ሽፍታ የወጣባቸውንና ያሳከካቸውን ሕመምተኞች በእነዚያ ሁለት መድኃኒቶች ስንረዳ ኖረናል፤ ሁሉም ይሻላቸው ነበር። እነዚያ ቀላል አለርጂዎች ነበሩ እንጂ አናፊላክሲስ አልነበሩም። ሃይድሮኮርቲሶን መቆጣትን የሚቀንስ ስቴሮይድ ነው፤ ሥራውን ለመጀመር ግን ሰዓታት ይፈልጋል። ፀረ-አለርጂው ማሳከክንና ሽፍታን ያስታግሣል እንጂ የተዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም፤ የወረደ የደም ግፊትም አያነሣም። አድሬናሊን ግን የተለጠጡትን የደም ሥሮች ያጠብባል፣ የጉሮሮውን እብጠት ይቀንሳል፣ የታፈነውን የሳንባ ቧንቧ ይከፍታል፣ ልብንም ያበረታል፤ ይህንንም በደቂቃዎች ውስጥ ያደርጋል። የብሪታንያ የሪሰሲቴሽን ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ፣ ፀረ-አለርጂ ከመጀመሪያው የድንገተኛ ሕክምና ውስጥ እንዳይገባ፣ ሃይድሮኮርቲሶንን የመሰሉ መድኃኒቶችም እንደ መደበኛ የድንገተኛ ሕክምና እንዳይሰጡ አስቀምጧል። ያ መመሪያ እኔ ጋ አልደረሰም ነበር፤ እሷ ጋ ግን በሦስተኛው ሞጁል በኩል ደርሷል።

ያልጠበቅነው ሁለተኛው ችግር የጋሪው መሳቢያ ነው። መሳቢያው በፕላስቲክ ማሸጊያ የታሸገ ነው፤ እሷ ከዚያ በፊት ከፍታው አታውቅም። ማሸጊያውን በጥሳ ስትስበው ሁለት ዓይነት አድሬናሊን ጎን ለጎን ተቀምጦ አገኘች። አንደኛው በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ አንድ ሚሊ ግራም የያዘ ትንሽ አምፑል ነው። ሁለተኛው ያንኑ አንድ ሚሊ ግራም በ10 ሚሊ ሊትር የያዘ፣ ለልብ መቆም በደም ሥር የሚሰጥ፣ አስቀድሞ የተሞላ ሲሪንጅ ነው። ትልቁ ላይ የመድኃኒቱ ስም ጎልቶ ስለሚነበብ እጇ ወደ እሱ ሄደ። «ትንሹን» አልኋት፤ ተመለሰች። አምፑሉን በጣቷ መታ መታ አድርጋ ከአንገቱ በላይ የቀረውን ፈሳሽ አወረደች። ለመስበር ስትሞክር ግን አልሰበር አላት፤ በአንገቱ ላይ ያለችው ነጥብ ወደ እሷ መዞር ሲገባት ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞራ ነበር። አዙራ፣ በጎዝ ጨርቅ ጠቅልላ ሰበረችው። 0.5 ሚሊ ሊትር ቀዳች፣ አጭሩን መርፌ ባለ 25 ሚሊ ሜትር በሆነው ቀየረችና ብርድ ልብሱን ገልጣ በጭኑ መካከለኛ ውጫዊ ክፍል ወጋችው። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የወጋችበት ቦታም ሆነ የሰጠችው መጠን ግን ትክክል ነበር።

ፈሳሹ በፍጥነት እንዲገባለት አደረግን። ከአምስት ደቂቃ በኋላ የደም ግፊቱ ገና 84 ስለነበር ሁለተኛ መጠን ከአዲስ አምፑል ሰጠነው። ተረኛው ሐኪም ሲደርስ የደረቱ ፉጨት ቀንሶ፣ ድምፁም ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ነበር። ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላም ከሰዓታት ቆይታ ተመልሰው ሊመጡ ስለሚችሉ ወደ ጥብቅ ክትትል ክፍል ተዛወረ። አለርጂው በፋይሉ ሽፋን ላይ ተጻፈ፤ ከቀናት በኋላም በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከርክክብ በኋላ ከነርሷ ጋር በተረኞች ክፍል ተቀመጥን። ለምን እንደቆየች ጠየቅኋት፤ ወቀሳ እንዳይመስላት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ ነገርኋት። መልሷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «መልሱን አውቀው ነበር፤ በፈተናውም ላይ መጥቷል። እርስዎ ሌላ ሲያዙ ግን እኔ የማላውቀው ምክንያት ይኖራል ብዬ አሰብሁ» አለችኝ። ይህንን ድክመት ልለው አልችልም። የኢንሮልድ ነርስ የሥራ ወሰን በሬጅስተርድ ነርስ መመሪያ መሥራት ነው፤ ከተቀጠረችበት ቀን ጀምሮ ያስተማርናትም ይህንኑ ነው። ሥልጠናው በየሞጁሉ «ለኃላፊ ነርስ ወዲያውኑ አሳውቂ» ይላል፤ ኃላፊዋ ነርስ ስትሳሳት ምን እንደሚደረግ ግን አንድ ቦታ አልተጻፈም። እኔ ደግሞ ከበታቼ ያሉትን አሠልጥኜ፣ እነሱን የምናዝዘውን ሬጅስተርድ ነርሶች ከዝርዝሩ ውጭ አድርጌአለሁ። አዲሱ ዕውቀት አልጋው አጠገብ ደርሶ፣ በአሮጌው ልማድ ትእዛዝ ሁለት ደቂቃ ታግቶ ቆየ።

ጉዳዩን ሲሰሙ «የኦንላይን ሥልጠና ወረቀት ብቻ ነው» ያሉ ባልደረቦች ነበሩ። በዚህ አልስማማም። ያንን ቪዲዮ ባታይ ኖሮ ሽፍታ እስኪወጣ ትጠብቅ ነበር፤ ሰውዬውንም ደግፋ ሽንት ቤት ልታደርሰው ትችል ነበር። በፈረቃ የምትሠራ ነርስ ክፍሉን ትታ ሳትወጣ፣ ጸጥ ባለ ሰዓት፣ ያልገባትን ቦታ መልሳ እያየች የምትማርበት ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። በስክሪን የማይገኘው ሌላ ነገር ነው። በልብ መቆም ጊዜ ደረት በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን እንዳለበት ከቪዲዮ ይለመዳል፤ ፍጥነቱን ጆሮ ይይዘዋል። ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር የሚባለውን ጥልቀት ግን ክንድና ወገብ በልምምድ አሻንጉሊት (ማኒኪን) ላይ ካልደከሙ አያውቁትም። የመስታወት አምፑልም እንዲሁ ነው። ይህ የእጅ ችሎታ ደግሞ ሳይደጋገም ሲቀር ከሦስት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ ውስጥ መድከም ይጀምራል፤ ግድግዳው ላይ የለጠፍሁት አረንጓዴ ዝርዝር ግን ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቀመጣል። ዝርዝሩን አነሣሁት።

ሁለቱ አድሬናሊኖች አሁን በተለያየ መሳቢያ ነው ያሉት፤ የትንሹ መሳቢያ ላይ «ለአናፊላክሲስ፣ በጡንቻ፣ 0.5 ሚሊ ሊትር» የሚል ጽሑፍ አለ። የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈ አምፑሎችን ከመድኃኒት ክፍሉ ጋር ተስማምተን ለልምምድ ብቻ በተለየ ሳጥን እናስቀምጣለን። በየወሩ፣ ከርክክብ በኋላ ባሉት አሥር ደቂቃዎች፣ ሁለት ነርሶች ማሸጊያ ይበጥሳሉ፣ አምፑል ይሰብራሉ፣ ልኩን ይቀዳሉ።

የበዛ ጊዜ የወሰደብን የንግግሩ ጉዳይ ነው። ኢንሮልድ ነርሶቹን ሰብስበን በእንዲህ ያለ ጊዜ ምን ማለት እንደሚቀላቸው ጠየቅናቸው። «ተሳስተዋል» የሚለው ቃል ከአፋቸው እንደማይወጣ በግልጽ ነገሩን፤ በጥያቄ መልክ ሲሆን ደግሞ ጥድፊያ ውስጥ ያለችው ነርስ ላትሰማው ትችላለች። ተማክረን የተስማማንበት አነጋገር «ሲስተር፣ ይቁሙልኝ፤ አድሬናሊን አልተሰጠም» የሚል ነው። ያልተደረገውን ነገር በስሙ ይጠራል እንጂ ማንንም አይከስስም። ይህ በተባለ ጊዜ ሬጅስተርድ ነርሷ እጇን አቁማ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባት፤ ትእዛዝ የተቀበለችውም መድኃኒቱን፣ መጠኑንና መንገዱን ጮክ ብላ ደግማ ከመናገሯ በፊት አትቀዳም። በመጀመሪያው ልምምድ ላይ አውቄ የተሳሳተ ትእዛዝ ሰጠሁ። ሦስቱ ዝም ብለው ሃይድሮኮርቲሶኑን አነሡ፤ አራተኛዋ ብቻ «ይቁሙልኝ» አለች። በሦስተኛው ወር ሁሉም አሉት፤ አንዷማ ገና ትእዛዜን ሳልጨርስ ነበር ያስቆመችኝ።

ሬጅስተርድ ነርሶችም በሥልጠናው ተመዘገቡ፤ የመጀመሪያው ስም የእኔ ነበር። በአንድ የሌሊት ፈረቃ፣ ክፍሉ ጸጥ ሲል፣ ሦስተኛውን ሞጁል ከፍቼ ቪዲዮውን አየሁት። ሴትየዋ መዳፏን ትፎክታለች፣ ሆዷን ትይዛለች፣ ሽንት ቤት ልሂድ ትላለች፤ ቆዳዋ ላይ ምንም የለም። ከቪዲዮው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ መጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ይጠይቃል። አራት አማራጮች አሉት፤ ሁለተኛው ሃይድሮኮርቲሶን ነበር።